የበሽታ መከላከያ ሥርዓት እርጅና

የበሽታ መከላከያ ሥርዓት እርጅና ማለት የሰው ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ሰውነት በሽታን በሚከላከልበት ሥርዓት ላይ ቀስ በቀስ የሚደርሰው ለውጥ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ኢሚውኖሴኔሰንስ ይባላል። ከዚህ ለውጥ ጎን ለጎን ሰውነት የተጎዳ አካሉን የመጠገንና ያለቁ ሕዋሳትን የመተካት ችሎታውም ይቀንሳል። ሁለቱ ለውጦች አንዱ ሌላውን ስለሚያባብሱ ብዙ ጊዜ አብረው ይጠናሉ።

በተለምዶ «በእርጅና ጊዜ በሽታ የመከላከል አቅም ይዳከማል» ይባላል። ይህ አባባል ግማሹን ብቻ ይናገራል። ዕድሜ ሲገፋ የሥርዓቱ አንዱ ክፍል ይደክማል፣ ሌላው ክፍል ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት ይቆጣል። አንድ አረጋዊ ሰውነቱ አዲስ ቫይረስን ለመለየት ቀርፋፋ ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ጊዜ በደም ሥሮቹና በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ የማያቋርጥ መለስተኛ ብግነት ሊኖርበት ይችላል። የበሽታ ምልክቶች በአረጋውያን ላይ ከወጣቶች በተለየ መልክ የሚታዩትም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ልዩነቱ ካልታወቀ ሊታከም የሚችል በሽታ «ዕድሜ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

ለውጡ በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይሄድም። በውርስ፣ በአመጋገብ፣ በሥራ ዓይነት፣ በሲጋራ፣ ቀደም ሲል በታመሙት በሽታና በሌሎችም ምክንያቶች የተነሳ እኩል 70 ዓመት የሞላቸው ሁለት ሰዎች በጣም የተለያየ የመከላከል አቅም ሊኖራቸው ይችላል።

የሥርዓቱ መሠረታዊ አሠራር

የበሽታ መከላከያ ሥርዓት በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ሰው ሲወለድ ይዞት የሚመጣው ነው። ቆዳ፣ በአየር ቧንቧ ውስጥ ያለው ንፍጥ፣ የጨጓራ አሲድ፣ እንዲሁም ባዕድ ነገርን ውጠው የሚፈጩ ነጭ የደም ሕዋሳት የዚህ ክፍል ናቸው። ይህ ክፍል በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ ሥራ ይጀምራል፤ ሆኖም አንዱን ተሕዋስ ከሌላው በዝርዝር አይለይም።

ሁለተኛው ክፍል በተሞክሮ የሚገነባ ነው። ዋና ሠራተኞቹ ቲ ሕዋስ እና ቢ ሕዋስ የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። እያንዳንዱ ቲ ወይም ቢ ሕዋስ በላዩ ላይ አንድ ዓይነት መለያ ቅርጽ አለው። ያ ቅርጽ የሚገጥመው ከተወሰነ የተሕዋስ ክፍል ጋር ብቻ ነው። የሚገጥመው ተሕዋስ ወደ ሰውነት ሲገባ ሕዋሱ በፍጥነት ይባዛል። ቢ ሕዋሳት ፀረ እንግዳ አካላት ወይም አንቲቦዲ የሚባሉ ፕሮቲኖችን ያመርታሉ፤ ከቲ ሕዋሳት አንዳንዶቹ ደግሞ በቫይረስ የተያዙ ሕዋሳትን ይገድላሉ። በሽታው ካለፈ በኋላ ከተባዙት ሕዋሳት ጥቂቶቹ «የማስታወሻ ሕዋስ» ሆነው ለዓመታት ይቆያሉ። አንድ ጊዜ ኩፍኝ የያዘው ሰው ዳግመኛ የማይያዘው በእነዚህ ምክንያት ነው። ክትባትም የሚሠራው በሽታው ሳይኖር ይህን ማስታወሻ በመፍጠር ነው።

እስካሁን ምንም ተሕዋስ ያላገኙ፣ ለወደፊት የሚጠብቁ ሕዋሳት ደግሞ «አዳዲስ ሕዋሳት» ተብለው ሊጠሩ ይችላሉ። በእነዚህና በማስታወሻ ሕዋሳት መካከል ያለው ሚዛን የእርጅናን ውጤት ለመረዳት ቁልፍ ነው።

የታይመስ መሟሸሽ

ቲ ሕዋሳት የሚነሱት ከአጥንት መቅኔ ነው፤ የሚበስሉት ግን ታይመስ በሚባል፣ ከደረት አጥንት ጀርባ ከልብ በላይ በሚገኝ አካል ውስጥ ነው። ታይመስ እንደ ማሠልጠኛ ያገለግላል። የራስን አካል የሚያጠቁና ምንም የማይለዩ ሕዋሳት በዚያ ይወገዳሉ። ከገቡት ሕዋሳት አብዛኞቹ ፈተናውን ሳያልፉ ይሞታሉ።

ታይመስ ከሰውነት አካላት ሁሉ ቀድሞ ከሚያረጁት አንዱ ነው። ከሰውነት ክብደት አንጻር ትልቅ የሚሆነው በሕፃንነት ነው። ከጉርምስና በኋላ ጎልቶ እየሟሸሸ ይሄዳል፣ የሥራ ቦታውም በስብ ይተካል። በ60ዎቹና በ70ዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ታይመስ የሚያወጣው አዲስ ቲ ሕዋስ በልጅነቱ ከሚያወጣው እጅግ ያነሰ ነው።

ይህ ማለት የቲ ሕዋሳት ጠቅላላ ቁጥር በዚያው ልክ ይወድቃል ማለት አይደለም። ቀድመው የተፈጠሩት ሕዋሳት ራሳቸው በመከፋፈል ቦታውን ይሞላሉ። የሚቀንሰው የዓይነታቸው ብዛት ነው። መጋዘኑ ሙሉ ሆኖ ሳለ በውስጡ ያሉት ቁልፎች ከጊዜ ወደ ጊዜ አንድ ዓይነት እየሆኑ እንደ መሄድ ነው። ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ቫይረስ ሲመጣ የሚገጥመው ሕዋስ የመገኘት ዕድል ይቀንሳል፤ ቢገኝም የሚባዛው በዝግታ ነው።

ለዚህ መጥበብ ሌላው ምክንያት ከሰውነት ፈጽመው የማይወጡ ቫይረሶች ናቸው። ከእነዚህ ዋናው ሳይቶሜጋሎቫይረስ ነው። በአፍሪካ አገሮች አብዛኛው ሰው በዚህ ቫይረስ የሚያዘው በልጅነቱ ነው። ጤናማ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ ነገር ግን ሰውነት ዕድሜውን ሙሉ ይጠብቀዋል። በዚህ ምክንያት በአረጋውያን ደም ውስጥ ካሉት የማስታወሻ ቲ ሕዋሳት ትልቅ ድርሻ የሚይዙት ይህን አንድ ቫይረስ ብቻ የሚጠብቁ ሊሆኑ ይችላሉ።

ቢ ሕዋሳትና አንቲቦዲ

በቢ ሕዋሳት በኩልም ተመሳሳይ ለውጥ አለ። የአጥንት መቅኔ የሚያወጣቸው አዳዲስ ቢ ሕዋሳት ይቀንሳሉ። በተጨማሪም ቢ ሕዋስ ጥሩ አንቲቦዲ ለመሥራት የቲ ሕዋስ ርዳታ ያስፈልገዋል። ይህ ርዳታ የሚሰጠው በንፍፊትና በጣፊያ ውስጥ ነው፤ ቢ ሕዋሳት እዚያ አንቲቦዲያቸውን ደጋግመው እያሻሻሉ ከተሕዋሱ ጋር ይበልጥ እንዲጣበቅ ያደርጋሉ። ቲ ሕዋሳት ሲደክሙ ማሻሻያው ይጓደላል። ውጤቱ በመጠን ያነሰ፣ በጥራትም የደከመ አንቲቦዲ ነው።

በሌላ በኩል የድሮው ማስታወሻ ብዙ ጊዜ ጸንቶ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተስፋፋው የኤች1ኤን1 ኢንፍሉዌንዛ ለዚህ ምሳሌ ነው። በዚያ ወረርሽኝ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ብዙ ሰዎች ከወጣቶች ይልቅ በመጠኑ ያዙ። ምክንያቱ በልጅነታቸው ተመሳሳይ ቫይረስ አግኝተው ስለነበር ሰውነታቸው ማስታወሻውን ይዞ መቆየቱ ነው። ስለዚህ የአረጋዊ ችግር በዋናነት አዲስ ነገርን መማር ላይ ነው።

ዝቅተኛና የማያቋርጥ ብግነት

ብግነት ሰውነት ለጉዳትና ለተሕዋስ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል። በጤናማ ሰው ላይ ሥራው ሲያልቅ ይጠፋል። በእርጅና ግን ምንም የሚታይ ቁስል ወይም በሽታ ሳይኖር በደም ውስጥ የብግነት መልእክት የሚያስተላልፉ ፕሮቲኖች ከፍ ብለው ይቆያሉ። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ክላውዲዮ ፍራንቸስኪና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ለዚህ ሁኔታ ብግነትንና እርጅናን ያጣመረ ስም ሰጡት።

የብግነቱ ምንጮች ብዙ ናቸው። ከሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማች ስብ የብግነት ፕሮቲኖችን ያመነጫል። የሞቱ ሕዋሳት ፍርስራሽ በአግባቡ ሳይጠረግ ሲቀር ሰውነት እንደ ጠላት ያየዋል። የአንጀት ግድግዳ ሲሳሳ የባክቴሪያ ቁርጥራጮች ወደ ደም ያልፋሉ። መከፋፈል ያቆሙ ያረጁ ሕዋሳትም በዙሪያቸው የብግነት መልእክት ይረጫሉ።

ይህ ዓይነቱ ብግነት አይታይም፣ ትኩሳትም አያመጣም። ነገር ግን ለዓመታት ሲቆይ ከደም ሥር መጥበብ፣ ከዓይነት 2 ስኳር በሽታ፣ ከጡንቻ መመናመንና ከአልዛይመር በሽታ ጋር ተያይዞ ይገኛል።

ሰውነት ራሱን የሚያድስበት ፍጥነት

የሰው አካል አንዴ ተሠርቶ የሚቆም ነገር አይደለም። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው ወደ 120 ቀን ነው። ያለቀውን ለመተካት የአንድ ጎልማሳ የአጥንት መቅኔ በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሕዋሳትን ይሠራል። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታደሳል። የወጣት ሰው የላይኛው ቆዳ በ4 ሳምንት ገደማ ይተካል፤ በአረጋዊ ላይ ግን ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ጉበት ከፊሉ በቀዶ ጥገና ቢወጣ እንኳ ቀሪው አድጎ ቦታውን መሙላት ይችላል።

ልብ ግን ከእነዚህ በጣም ይለያል። በስዊድን የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት የልብ ጡንቻ ሕዋሳትን ዕድሜ የለኩት ባልተለመደ መንገድ ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአየር ላይ የተደረጉት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች ካርቦን 14 የተባለውን ንጥረ ነገር በዓለም ሁሉ በትነው ነበር። ሙከራው ከቆመ በኋላ መጠኑ በየዓመቱ እየቀነሰ ሄደ። አንድ ሕዋስ በተፈጠረበት ዓመት በአየር ውስጥ የነበረው መጠን በዲኤንኤው ውስጥ ስለሚቀር፣ ተመራማሪዎቹ ያንን እንደ ቀን ማህተም አነበቡት። ውጤቱ በ25 ዓመት ዕድሜ በየዓመቱ 1 በመቶ ገደማ የልብ ጡንቻ ሕዋስ እንደሚታደስ፣ በ75 ዓመት ግን ወደ 0.45 በመቶ እንደሚወርድ አሳየ።

እድሳቱን የሚያካሂዱት ስቴም ሴል ወይም የግንድ ሕዋስ የሚባሉ ናቸው። የግንድ ሕዋስ ሲከፈል ራሱን የመሰለ ሌላ የግንድ ሕዋስ ሊሠራ ይችላል፤ ወይም ደግሞ እንደ ቆዳ፣ ደም ወይም ጡንቻ ያለ የተለየ ሥራ ወዳለው ሕዋስ ይለወጣል። የፀጉር ሽበት ለዚህ ቀላል ምሳሌ ነው። በፀጉር ሥር ቀለም የሚሰጡ ሕዋሳትን የሚተኩት የግንድ ሕዋሳት ሲያልቁ ወይም ሥራቸውን ሲያቆሙ ፀጉሩ ያለ ቀለም ያድጋል።

የመጠገን አቅም የሚቀንስባቸው ምክንያቶች

የዲኤንኤ ጉዳት። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ በፀሐይ ጨረር፣ በኬሚካልና በሕዋሱ በራሱ ሥራ በየቀኑ ይጎዳል። ሕዋሱ ስህተቱን የሚያርሙ ፕሮቲኖች አሉት። ስዊድናዊው ቶማስ ሊንዳል፣ አሜሪካዊው ፖል ሞድሪችና ቱርክ የተወለደው አዚዝ ሳንጃር የእነዚህን የጥገና መንገዶች አሠራር በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. የ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተካፍለዋል። እርማቱ ፍጹም ስላልሆነ ያልታረሙ ስህተቶች ከዓመት ወደ ዓመት ይጠራቀማሉ።

የቴሎሜር ማጠር። ቴሎሜር በክሮሞሶም ጫፍ ላይ ያለ መከላከያ ነው። ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር ጥቂት ያጥራል። በጣም ሲያጥር ሕዋሱ መከፋፈሉን ያቆማል። በዚህ መንገድ ቴሎሜር ስንት ጊዜ እንደተገለበጠ የሚመዘግብ ቆጣሪ ይመስላል። ቴሎሜሬዝ የሚባለው ኤንዛይም ርዝመቱን ሊመልስ ይችላል፤ በአብዛኞቹ የሰውነት ሕዋሳት ውስጥ ግን ሥራው ዝቅተኛ ነው።

ያረጁ ሕዋሳት መከማቸት። መከፋፈል ያቆመ ሕዋስ ሁልጊዜ አይሞትም። ብዙ ጊዜ በቦታው ቆይቶ ጎረቤቶቹን የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር ያመነጫል። በወጣትነት የበሽታ መከላከያ ሥርዓት እንዲህ ያሉ ሕዋሳትን እየለየ ይጠርጋል። ጠራጊው ሲደክም ያረጁት ይበዛሉ፤ ሲበዙ ብግነቱ ይጨምራል፤ ብግነቱ ደግሞ ጠራጊውንና የግንድ ሕዋሳቱን ይበልጥ ያደክማል። የመከላከልና የመጠገን አቅም አብረው የሚወድቁበት ዋናው ዑደት ይህ ነው።

የግንድ ሕዋሳት መድከም። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ያሉ ደም ሠሪ የግንድ ሕዋሳት በእርጅና ቲና ቢ ሕዋሳትን ከመሥራት ይልቅ ሌሎች ነጭ ሕዋሳትን ወደ መሥራት ያዘነብላሉ። አንዳንድ ጊዜ በዲኤንኤው ላይ ለውጥ የደረሰበት አንድ የግንድ ሕዋስ ከሌሎቹ በላይ ይባዛል። ከ70 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ከ10 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ ይህ ይገኛል፤ የደም ካንሰርና የልብ በሽታ ዕድልንም ከፍ ያደርጋል።

የአካባቢው መለወጥ። ችግሩ በግንድ ሕዋሱ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 የአንዲት ወጣት አይጥና የአንዲት አሮጊት አይጥ የደም ዝውውር እንዲገናኝ አደረጉ። የአሮጊቷ ጡንቻ ሲጎዳ ከቀድሞው በተሻለ ዳነ። ይህም የሚያሳየው ያረጀ የግንድ ሕዋስ ችሎታውን ሙሉ በሙሉ እንዳላጣ፣ በዙሪያው ያለው ደም የሚያመጣለት መልእክት እንደሚወስነው ነው።

ምሳሌ፦ የቁስል መዳን

የቁስል መዳን የሁለቱን ሥርዓቶች ግንኙነት በግልጽ ያሳያል። ቆዳ ሲቆረጥ መጀመሪያ ደሙ ይረጋል። ቀጥሎ ነጭ የደም ሕዋሳት መጥተው ባክቴሪያውን ይገድላሉ፣ የሞተውንም ይጠርጋሉ። ከዚያ እነዚሁ ሕዋሳት ለጥገናው መልእክት ይልካሉ፤ አዲስ የደም ሥር ይበቅላል፣ ቆዳው ከዳር ወደ መሐል ያድጋል። በመጨረሻም ጠባሳው ለወራት እየጠነከረ ይሄዳል። ስለዚህ ጥገናውን የሚያስጀምረውም የሚያስቆመውም የመከላከያ ሥርዓቱ ነው።

በእርጅና ነጭ ሕዋሳቱ ዘግይተው ይደርሳሉ፣ ከደረሱ በኋላም ዘግይተው ይወጣሉ። ቁስሉ በብግነት ደረጃ ላይ ይቆያል። ፈረንሳዊው ፒየር ለኮንት ዱ ኑዊ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ቁስል ስፋት እየለካ የመዳን ፍጥነት ከዕድሜ ጋር እንደሚቀንስ በቁጥር አሳይቶ ነበር። ይሁንና ጤናማ አረጋዊ ላይ ቁስል ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ለሳምንታት ያልዳነ የእግር ቁስል ሲኖር ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከዕድሜ ሌላ ነው፤ ስኳር በሽታ፣ የደም ዝውውር መጓደል፣ የምግብ እጥረት ወይም አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ መተኛት ሊሆን ይችላል።

በጤና ላይ የሚታዩ ውጤቶች

በኢንፍሉዌንዛና በሳንባ ምች የሚሞቱት በብዛት አረጋውያን ናቸው። በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ጊዜም የሞት አደጋን ከሁሉ በላይ የወሰነው ዕድሜ ነበር።

በሰውነት ውስጥ ተደብቀው የቆዩ ተሕዋስያንም በእርጅና ይነቃሉ። አልማዝ ባለጭራ የሚባለው በሽታ የሚመጣው በልጅነት ጉድፍ ካስያዘው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ጉድፉ ከዳነ በኋላ በነርቭ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። የሚጠብቁት ቲ ሕዋሳት ሲደክሙ በነርቩ መስመር ወደ ቆዳ ይወጣና በሰውነት በአንድ ወገን ብቻ ውኃ የቋጠረ፣ የሚያቃጥል ሽፍታ ያወጣል። ሽፍታው ከጠፋ በኋላ ሕመሙ ለወራት ሊቀጥል ይችላል። የፀረ ቫይረስ መድኃኒቱ ይበልጥ የሚረዳው ሽፍታው በወጣ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ ቶሎ ወደ ሐኪም መሄድ ጥቅም አለው።

የሳንባ ነቀርሳም ተመሳሳይ ነው። ባክቴሪያው ሳያሳምም ለብዙ ዓመታት ተከቦ መቆየት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበዛባቸው አገሮች መካከል በሚመዘግባት በኢትዮጵያ፣ በአረጋዊ ላይ የሚታይ የቆየ ሳልና የክብደት መቀነስ ምርመራ ሊደረግበት ይገባል።

የካንሰር መብዛትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። የዲኤንኤ ስህተቶች ሲጠራቀሙ ካንሰር የሚሆኑ ሕዋሳት ይበዛሉ፤ እነዚህን የሚለዩት ቲ ሕዋሳትና ሌሎች ገዳይ ሕዋሳት ደግሞ ይደክማሉ።

ምልክቶች በአረጋውያን ላይ

በአረጋውያን ላይ ከባድ ኢንፌክሽን ሁልጊዜ በትኩሳት አይገለጽም። ከባድ ኢንፌክሽን ከያዛቸው አረጋውያን ከ20 እስከ 30 በመቶ በሚሆኑት ላይ ትኩሳቱ ዝቅተኛ ይሆናል ወይም ጨርሶ አይኖርም። በምትኩ የሚታዩት እንደ ሌላ ነገር የሚተረጎሙ ምልክቶች ናቸው፦

• በድንገት ግራ መጋባት፣ ቀንና ቦታ መርሳት
• ምግብ መተው
• መውደቅ ወይም በድንገት መራመድ አለመቻል
• ያልተለመደ እንቅልፍና ድካም
• ቶሎ ቶሎ መተንፈስ

በተለይ ቀናት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የመጣ ግራ መጋባት የተለመደ የመርሳት ችግር አይደለም። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት የሚመጣ ሲሆን፣ በሰዓታት ወይም በቀናት የመጣው ግን ብዙውን ጊዜ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ እጥረት ወይም የመድኃኒት ጉዳት ውጤት ነው። መንስኤው ሲታከም አብዛኛውን ጊዜ ይሻሻላል። ከአረጋዊ ጋር የሚኖር ሰው «ትናንት እንዲህ አልነበሩም» ብሎ ለሐኪም መናገሩ ለምርመራው ትልቅ መረጃ ነው።

ክትባትና ዕድሜ

አዲስ ነገርን የመማር ችሎታ ስለሚቀንስ ብዙ ክትባቶች በአረጋውያን ላይ ከወጣቶች ያነሰ ምላሽ ያስገኛሉ። ይህ ማለት አይጠቅሙም ማለት አይደለም፤ የበሽታው አደጋ ለአረጋውያን ከፍ ያለ በመሆኑ መጠነኛ ጥበቃም ቢሆን ብዙ ሕይወት ያድናል።

ችግሩን ለማለፍ ሁለት መንገዶች ተሠርተዋል። አንደኛው መጠኑን መጨመር ነው። በአሜሪካ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሰዎች ከመደበኛው 4 እጥፍ ንጥረ ነገር የያዘ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2009 ፈቃድ አግኝቷል። ሁለተኛው የመከላከያ ሥርዓቱን በኃይል የሚቀሰቅስ አጋዥ ንጥረ ነገር ማከል ነው። በዚህ መንገድ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው የአልማዝ ባለጭራ ክትባት 70 ዓመት ባለፋቸው ሰዎች ላይ እንኳ 90 በመቶ ገደማ ጥበቃ አሳይቷል። ይህም ያረጀ የመከላከያ ሥርዓት በትክክል ከተቀሰቀሰ ጠንካራ ምላሽ መስጠት እንደሚችል ያረጋግጣል። በአሜሪካ ይህ ክትባት 50 ዓመት ለሞላቸው ጤናማ ሰዎች ሁሉ ይመከራል፤ በዚያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ይኸው ምክር ይሠራል። በኢትዮጵያ መደበኛው የክትባት አገልግሎት በዋናነት ያተኮረው በሕፃናት፣ በልጃገረዶችና በእናቶች ላይ ነው።

ለውጡን የሚያዘገዩና የሚያፋጥኑ ነገሮች

እንቅስቃሴ። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪታንያ የወጣ ጥናት ከ55 እስከ 79 ዓመት የሆናቸው፣ ለብዙ ዓመታት ረጅም ርቀት በብስክሌት የተጓዙ 125 ሰዎችን መርምሮ ነበር። ከታይመሳቸው በቅርቡ የወጡት ቲ ሕዋሳት መጠን ከወጣቶች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ጡንቻ ሲሠራ ለመከላከያ ሥርዓት የሚጠቅሙ ፕሮቲኖችን ስለሚያወጣ በየቀኑ በእግር መሄድም ጥቅም አለው። በተቃራኒው አልጋ ላይ መዋል የአረጋዊን ጡንቻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያመነምናል።

ምግብ። አንቲቦዲም ሆነ አዲስ ሕዋስ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ብዙ አረጋውያን በጥርስ ችግር፣ በምግብ ፍላጎት መቀነስ ወይም በገንዘብ እጥረት ፕሮቲን ያንሳቸዋል። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋና ዓሣ ጥሩ ምንጮች ናቸው። በጾም ወቅት ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና አተር ይህን ቦታ ይሸፍናሉ። የዚንክና የቫይታሚን ዲ እጥረትም የመከላከያ ሥርዓቱን ይጎዳል።

ሌሎች ምክንያቶች። ሲጋራ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ቁጥጥር ያልተደረገለት ስኳር በሽታ፣ የእንቅልፍ ማጣትና የረጅም ጊዜ ጭንቀት ለውጡን ያፋጥናሉ። በሴቶች ላይ ከማረጥ በኋላ የኤስትሮጅን መቀነስ የአጥንት እድሳትን ሚዛን ስለሚያዛባ የአጥንት መሳሳት ይበዛል።

የምርምር ታሪክ

በሩሲያ ግዛት የተወለደው ኤሊ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1882 በጣሊያን በመሲና ከተማ በኮከብ ዓሣ እጭ ላይ ባደረገው ሙከራ ባዕድ ነገርን የሚውጡ ሕዋሳትን ለየ። ለዚህም በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሜችኒኮፍ በኋላ ስለ እርጅና ጽፏል፤ የእርጅና ጥናትን የሚያመለክተውን ጀሮንቶሎጂ የሚለውን ስምም ያስተዋወቀው እርሱ ነው።

በ1961 ሁለት ትልልቅ ግኝቶች ወጡ። ዣክ ሚለር በአይጦች ላይ ባደረገው ሙከራ እስከዚያ ድረስ ሥራ የለውም ይባል የነበረው ታይመስ ለመከላከያ ሥርዓት አስፈላጊ መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት አሜሪካውያኑ ሌናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ በቤተ ሙከራ ያደጉ የሰው ሕዋሳት 50 ጊዜ ገደማ ከተከፈሉ በኋላ እንደሚያቆሙ አሳዩ። በ1969 ሮይ ዋልፎርድ የእርጅና ዋና ምክንያት በመከላከያ ሥርዓቱ ውስጥ ነው የሚል መላ ምት በመጽሐፍ አቀረበ። ኤሊዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግራይደርና ጃክ ሾስታክ በቴሎሜርና በቴሎሜሬዝ ሥራቸው የ2009 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን አገኙ።

የአሁኑ ምርምር

አንዱ አቅጣጫ ያረጁ ሕዋሳትን ለይቶ ማጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ እነዚህ ሕዋሳት ሲወገዱ ከእርጅና ጋር የሚመጡ አንዳንድ ችግሮች ዘገዩ። በሰዎች ላይ ሙከራዎች እየተካሄዱ ነው። ሌላው አቅጣጫ ከጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ሥራ ይነሳል። ያማናካ በ2006 የጎልማሳ አይጥ ሕዋስ በአራት ጂኖች አማካይነት ወደ ግንድ ሕዋስነት ሊመለስ እንደሚችል አሳይቶ የ2012 ኖቤል ሽልማትን ተካፍሏል። ሕዋስን በከፊል ብቻ ወደ ኋላ የመመለስ ጥናት ከዚህ ቀጠለ፤ ሆኖም ከልክ ያለፈ መመለስ ካንሰር ሊያስከትል ስለሚችል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሦስተኛው ታይመስን እንደገና የማሳደግ ሙከራ ነው።

ከእነዚህ መካከል እርጅናን ለማከም ለአጠቃላይ አገልግሎት የተፈቀደ መድኃኒት የለም። «ዕድሜ የሚመልስ» ወይም «በሽታ የመከላከል አቅምን በአንድ ጊዜ የሚያሳድግ» ተብለው የሚሸጡ ዱቄቶችና ክኒኖች ይህን ተስፋ የሚደግፍ የሕክምና ማስረጃ የላቸውም። አሁን በእጅ ያሉት መንገዶች ክትባት፣ በቂ ምግብ፣ እንቅስቃሴ፣ የስኳርና የሌሎች ሥር የሰደዱ በሽታዎች ክትትል፣ እንዲሁም በአረጋዊ ላይ በድንገት የመጣን ለውጥ በዕድሜ ሳያሳብቡ ማስመርመር ናቸው።